ለክረምትም ለበጋም የሚሆን ጎማ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሙሀመድአወል፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ቀስፎ ይዞህ የነበረው ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይነካካሃል? የላኩልህን ቅባት ተጠቀምክበት ወይስ እንደ ልማድህ መሳቢያ ውስጥ ወረወርከው? ባለቤትህ ዛህራስ እንዴት ናት? ልጅህ ሬድዋንስ? የፊት ጥርሱ ወለቀ ያልከን ዕለት እማዬ ስትስቅ ነው የዋለችው። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በጤና አለን። ጎረቤቱም ሰፈሩም ደህና ነው። ዘንድሮ ዝናቡ አልወጣ ብሎ ጥቅምት ከገባም በኋላ አንዳንድ ቀን ይጥላል፤ ደመናው ከዘቢዳር ተራራ ላይ አልነሳ ብሏል። እንሰቱ ግን ጓሮውን እንዴት እንደሞላው ብታይ ደስ ይልህ ነበር።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅህ አውቃለሁ። ግን የቤታችንን ስልክ ታውቀዋለህ። ሲጠራ እማዬ ትቀድመኛለች፤ በላህ ወይ፣ ተኛህ ወይ ብላ ሳትጨርስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ለእኔ የሚተርፈኝ «በሉ ደህና ሁኑ» የሚለው ብቻ ነው። አሁን አክስታችን ኑሪያ ለዑምራ ልትመጣ ስለሆነ የአንተን ዕቃ ልትይዝልኝ ተስማማች። የማረቆው በርበሬ ያለበትን ከረጢት ስትፈታ ይህን ወረቀት እላዩ ላይ ታገኘዋለህ። እናም አንተ በስልክ «ቀይዋ እንዴት ናት?» እያልክ የምትጠይቀኝን፣ እኔም «ደህና ናት» ብዬ የማልፈውን ነገር ዛሬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ። ይህ ክረምት ያመጣብንና ያመጣልን ነገር በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

ቀይዋን ትተህልኝ የሄድክ ጊዜ ከቁልፉ ጋር ብዙ ማሳሰቢያ ነው የሰጠኸኝ። ዝቅ ያለች መኪና ናት፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ በይ፤ ሞተሯ ኃይለኛ ነው፣ ነዳጁን ስትረግጪ ተጠንቀቂ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ጎማዎቿ ስታወራ ዓይንህ ይበራ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ መርጠህ ያስገጠምካቸው፣ ሰፊ፣ ጠርዛቸው ስስ የሆነ የስፖርት ጎማዎች። እውነት ለመናገር እኔም ወድጃቸዋለሁ። በበጋ መድኃኒት ለማምጣት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ኩርባው ላይ አስፋልቱን ጨብጠው ሲይዙ፣ መድኃኒት ቤት ቆሞ የሚውል ሰው መሆኔን እረሳ ነበር። የሰፈሩ ሰው ድምፅዋን ከሩቅ እየለየ «ሩፋይዳ መጣች» ይላል። በቡታጅራ ሻሽ አስራ ቀይ የስፖርት መኪና የምትነዳ ሌላ ሴት እስካሁን አላየሁም።

ሐምሌ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። እማዬን እንሴኖ ለቅሶ አድርሻት ስንመለስ ከባድ ዝናብ ያዘን። መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል። ወላሂ እየፈጠንኩ አልነበረም። አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስንደርስ መሪው እጄ ላይ ድንገት ቀለለኝ፤ መኪናዋ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ፍሬን ስይዝ የኋላዋ ዞሮ ቀደመን። ዓለም አንድ ጊዜ ዞረችብን፤ ስንቆም ፊታችን ወደ መጣንበት ወደ እንሴኖ ሆኖ የአንድ ገበሬ የበርበሬ ማሳ ጠርዝ ላይ ነን። አልሐምዱሊላህ፣ ከፊትም ከኋላም መኪና አልነበረም። እኛም መኪናዋም አንድ ነገር አልሆንንም።

እማዬ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ዝናቡ ውስጥ በእግሯ ወደ ቡታጅራ መሄድ ጀመረች። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ከጎኗ ቀስ እያልኩ እየነዳሁ «እማዬ ግቢ፣ እማዬ ትታመሚያለሽ» እላለሁ፤ እሷ ዞር ብላም አላየችኝ። በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ አስቁማ ተሳፈረች። እቤት ስደርስ ልብሷን ቀይራ ምድጃ ዳር ተቀምጣለች። «አንቺን አልተቆጣሁሽም፤» አለችኝ። «ግን እኔ ከዛሬ ወዲህ እዚያ ነገር ውስጥ አልገባም። አንቺም ብትተይው ደስ ይለኛል።» እማዬን ታውቃታለህ፤ አንዴ አልገባም ካለች አልገባችም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጭንቁ የመጣው። ታናሿ እህታችን ሰልሚያ ጉንችሬ ባሏ ቤት ሆና የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ጊዜ ደርሶ ነበር። እማዬ «ስትወልጂ አጠገብሽ ነኝ» ብላ ቃል ሰጥታታለች። አንተ እንደምታውቀው ከእኛ ወደዚያ መሄድ ማለት ተራራውን ማቋረጥ ነው። በሕዝብ መኪና ከሆነ ደግሞ በክረምት አንዱን ስትጠብቅ፣ ከአንዱ ወርደህ ሌላውን ስትይዝ ቀኑ ያልቃል። በዚያ ላይ የሰልሚያ ደም ግፊት ከፍ ከፍ እያለ ስላስቸገረ አታት ሆስፒታል በየጊዜው ነበር የምትታየው። እማዬ ሌሊት ሌሊት እንደማትተኛ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ በራፌ ላይ መኪና አቁሜ እናቴን ልጇ ጋ ማድረስ የማልችል ሰው ሆንኩ።

ያኔ ነው ደውዬ ስለ መንሸራተቷ የነገርኩህ። መጀመሪያ ደነገጥክ፤ ቀጥለህ «ጎማዎቹ ምን ሆኑ?» አልክ። ከዚያ ራስህ ሳቅህ መጣና «ጎማ ይሙት፤ የሚሻለውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ አድርጊው» አልከኝ። ያቺን ቃል እንደ ፈቃድ ወስጄ በማግስቱ አምሀ ጋ ሄድኩ። አምሀን ሳታስታውሰው አትቀርም፤ ወደ መናኸሪያው ሲኬድ ጎሚስታ ቤት ያለው፣ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሰውዬ ነው። አሁን ጎማ መሸጥም ጀምሯል።

አምሀ የደረሰብንን ሰምቶ ጎንበስ አለና ጎማዎቹን በእጁ ዳበሳቸው። መሐላቸው ያለው ቦይ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። «እህቴ፣ እነዚህ የበጋ ጎማዎች ናቸው፤» አለኝ። «ደረቅ አስፋልት ላይ እንደነሱ የለም። ዝናብ ሲሆን፣ በተለይ እንዲህ አልቀው፣ ውሃውን የሚያስወጡበት መንገድ የላቸውም።» ከዚያ ሌላ ነገር ሳይል አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «አንቺ የምትነጂው የት ነው?» እኔም ቆሜ አሰብኩ። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ የከተማው ኮብልስቶን፣ ሲመጣ ደግሞ የተራራው መንገድ። ግማሽ ዓመት ዝናብ፣ ግማሽ ዓመት አቧራ። ይህን ስነግረው «እንግዲያው ለክረምትም ለበጋም የሚሆነውን ነው የምትፈልጊው» አለ።

ይህን እየተነጋገርን ሳለ ጓደኛህ ሙስሊም መጣ። የስልክ ሱቁ ከአምሀ ፊት ለፊት ስለሆነ ቀይዋ ክሪክ ላይ ስትወጣ አይቶ ሱቁን ክፍቱን ትቶ ነው የሮጠው። ጉዳዩን ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሩፊ፣ ይህችን መኪና የታክሲ ጎማ ልታለብሻት ነው? ሙሀመድአወል ምን ይለኛል?» እያለ ለመነኝ። ያው ዓይነት አዲስ የስፖርት ጎማ እንድገዛ፣ ካልሆነም የፊቶቹን ሁለቱን ብቻ እንድቀይርና የኋላዎቹ እንዲቆዩ መከረኝ። አምሀ በዚህ ጊዜ ሳቁን አቆመ። «ሁለቱ እየያዙ ሁለቱ ቢንሸራተቱ የዛን ቀኑ ዙረት ነው የሚደገመው። ወይ አራቱን፣ ወይ ምንም» አለ። ሙስሊም ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ደግሞ የማየው እማዬ ዝናብ ውስጥ በእግሯ ስትሄድ ነበር። «አራቱን» አልኩ።

መምረጡ ግን ቀላል እንዳይመስልህ። አምሀ ያሳየኝ ብዙ ዓይነት ነው። ጥርሱ ወፋፍራም የሆነ የገጠር ጎማ አለ፤ ጭቃ ላይ ጎበዝ ቢሆንም ለእኛ መኪና ጭቃ መከላከያውን እየታከከ አስፋልት ላይ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሌላው ርካሽና ደረቅ ነው፤ ስትጫነው እንኳ እሺ አይልም። በመጨረሻ ዓይኔ ያረፈበት ሰፋፊ ቦዮች ዙሪያውን የሚዞሩበት፣ በየቦዩ መሐል ደግሞ በምላጭ የተሰነጠቀ የሚመስል ስስ ስስ መስመር የሞላበት ነው። አምሀ ሲያስረዳኝ ቦዮቹ ውሃውን ገፍተው ያስወጣሉ፤ ስስ መስመሮቹ ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ እየተከፈቱ ይነክሳሉ። የመኪናዋን ፍጥነትና ክብደት የሚችል መሆኑን ጠርዙ ላይ ከተጻፈው አነበብን። ልኩም ከቸርኬዋ ጋር አንድ ነው። ቤቴ ገብቼ ደግሞ በስልኬ ሰዎች ምን እንደሚሉበት ስፈልግ አመሸሁ፤ ሰው ሁሉ የሚለው «ጸጥ ይላል፤ ዝናብ ላይ ያስተማምናል፤ ኩርባ ላይ ግን እንደ ስፖርቱ አይሆንም» ነው። እኔ ደግሞ ዘንድሮ የቸገረኝ ዝናብ እንጂ ኩርባ አይደለም።

ጎማዎቹ ከአዲስ አበባ በርበሬ አራግፎ በሚመለስ አይሱዙ መጡ። ስረከብ አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። መድኃኒት ቤት የዋለ ሰው ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ቀኑን ነው። ጎማም ጎኑ ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገር አራት ቁጥር እንዳለው አንብቤ ነበርና አንድ በአንድ እየዞርኩ አየሁ። ሦስቱ አዲስ ናቸው፤ አራተኛው ግን ከሌሎቹ ብዙ ዓመት የሚበልጥ የመጋዘን ሽማግሌ ነው። «ይሄኛው ጊዜው አልፎበታል» ስለው አምሀ ሳቁ ፈነዳ። «ጎማ እንደ ሽሮፕ ስትመረምር ያየሁት ሴት አንቺን ብቻ ነው!» አለና መልሶ ልኮ አዲስ አስመጣልኝ። አሁን ደንበኛ ሲመጣ ቁጥሯን አስቀድሞ የሚያሳየው እሱ ራሱ ነው፤ «የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ሕግ» ይላታል።

ተገጥመው፣ ባላንስና አላይመንት ተሠርቶላቸው ስወጣ መጀመሪያ ትንሽ ከፍቶኛል። መሪው ለስለስ ብሏል፤ ድሮ ዓይን ሳርገበግብ የምትታጠፈዋ መኪና አሁን አንድ አፍታ አስባ ነው የምትታጠፈው። ሙስሊም ከጎኔ ተቀምጦ «አላልኩሽም? መኪናዋን አደብ አስያዝሻት፤ ትዳር የያዘች መሰለች» ይለኛል። ከዚያ ዝናቡ ጣለ። ከከተማ ወጣ ብለን ባዶ መንገድ ላይ እሱ ልያዛት አለና መሪውን ሰጠሁት። ውሃ በተኛበት ላይ ነድቶ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ወዲያም ወዲህም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። ደገመው፤ ያው ነው። ከዚያ «ሬዲዮ ልክፈት?» አለኝ። በድሮዎቹ ጎማዎች ጩኸት የተነሳ በዚያች መኪና ውስጥ ሬዲዮ በደንብ ተሰምቶ እንደማያውቅ ያኔ ነው ያስታወስኩት።

ያንተ ጎማዎች ተጥለው እንዳይመስልህ። ሙስሊም አላስጥልም ብሎ አራቱንም ወሰዳቸው፤ ነጭ ቀለም ቀብቶ አፈር ሞላባቸውና ሱቁ ደጃፍ ላይ አበባ ተክሎባቸዋል። ፎቶውን ልኮልሃል አሉ፤ አይተህ ተበሳጨህ ወይስ ሳቅህ?

እማዬ ግን አዲሶቹን ጎማዎች አንዴ በመስኮት አይታ «ጥቁር ነው፤ ያኛውም ጥቁር ነበር» ብላ ተወችው። እኔም አልገፋፋኋትም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ማለዳ የሰልሚያ ባል አብዱልሃፊዝ ደወለ። ሰልሚያ አታት መግባቷን፣ ግፊቷ ስለጨመረ ሐኪሞቹ ዛሬውኑ እንድትወልድ ምጥ ሊያስጀምሯት መሆኑን፣ እሷም «እማዬን ጥሩልኝ» እያለች መሆኑን ነገረን። እማዬ ስልኩን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ውጪው ዝናብ ነው፤ ተራራው የለም፣ ደመና ውጦታል። ትንሽ ቆማ ጋቢዋን አነሳችና ቀድማኝ ወጣች። ቀይዋ ጋ ደርሳ የኋላውን በር ከፈተች። «ቢስሚላህ» አለች። እኔ እንባዬ ሊመጣ ሲል ዋጥኩትና ሞተር አስነሳሁ።

ወንድሜ፣ ያንን መንገድ አልረሳውም። ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ጠጠር ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ጉሙ እየወፈረ መጥቶ ባውዛው የሚያሳየኝ ጥቂት እርምጃ ብቻ ሆነ። በመስታወቱ እማዬን አያታለሁ፤ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍና ቁርአን ትቀራለች። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። አናቱን አልፈን ቁልቁል እንደጀመርን አንድ ኩርባ ስዞር መንገዱ ተዘጋብኝ፤ ቀርከሃ የጫኑ አህዮች ከጉሙ ውስጥ ወጥተው ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። ፍሬን ያዝኩ። የዛን ቀኑ ነገር በሙሉ በአካሌ ውስጥ አለፈ፤ ኋላዋ እስክትዞር ጠበቅኩ። አልዞረችም። መንገዱን ነክሳ፣ ሰው በእጁ የያዛት ይመስል ፊት ለፊቷን እያየች ቆመች። የአንዱ አህያ ጆሮ ኮፋኖው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ባለቤትየው በጉራጊኛ ሰላም ብሎን፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እየነዳቸው አለፈ።

ከኋላዬ ይሰማ የነበረው ቁርአን ቆሟል። ዞሬ ሳያት እማዬ ዓይኗን ገልጣ አህዮቹን እያየች ነው። «ይሄ የአምሀ ጎማ ነው?» አለችኝ። «አዎ እማዬ» አልኳት። «አላህ ይባርክለት» አለችና ወንበሩን ለቀቀች። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ በመስታወቱ ባያት ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። በዝናብ፣ በጉም፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ! ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣች እናታችን በቀይዋ ውስጥ ስታንኮራፋ ሰማሁ። እኔም እንዳልቀሰቅሳት ጠጠሩን እየመረጥኩ፣ እየሳቅኩም እያለቀስኩም ወረድኩ።

አታት ስንደርስ ሰልሚያ ምጥ ላይ ነበረች። አዋላጇ እማዬን አስገባቻት። እኔና አብዱልሃፊዝ ኮሪደሩ ላይ ቆመን እሱ ግድግዳውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ሊመሽ ሲል የልጅ ድምፅ ሰማን። ሴት ልጅ! እናትየዋም ልጅየዋም ደህና ናቸው ተባለ። አብዱልሃፊዝ ያ ሁሉ ቁመቱ እያለ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በኋላ ሰልሚያ የነገረችኝን ልንገርህ፤ «በጣም ፈርቼ ነበር። እማዬ ስትገባ የጋቢዋ ሽታ ነው መጀመሪያ የደረሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ነው እንጂ ፍርሃቱ ጠፋ» አለችኝ። ልጅቱን ሃሊማ ብለናታል፤ ይህን ሰምተሃል። ያልሰማኸው ግን ግንባሯ ቁርጥ ያንተን መምሰሉን ነው።

እማዬ ሰልሚያን ልታርስ ጉንችሬ ቀረች። እኔ አርብ አርብ መድኃኒት ቤቱን እየዘጋሁ ቅቤውንም፣ አጃውንም፣ ልብሱንም አመላልስ ነበር፤ ጎማዎቹን በደንብ የኖርኩባቸው ያኔ ነው። የሚባልላቸው ሁሉ ግን እውነት እንዳይመስልህ። ለክረምትም ለበጋም ይሆናሉ ማለት ለጭቃ ይሆናሉ ማለት አይደለም። የልጅቱ ስም ማውጫ ድግስ፣ የዐቂቃዋ ዕለት ወደ አብዱልሃፊዝ ቤት የሚያስገባው መንገድ ላይ ከመኪናዋ ጋር ተቀርቅሬ ቀረሁ። አብዱልሃፊዝ አዲስ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከጎረቤቶቹ ጋር ሊገፋልኝ መጣ። «ከኋላ ራቁ» ብዬ ሳልጨርስ ነዳጅ ረገጥኩ። ጎማው ጭቃውን አንስቶ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አለበሰው። እማዬ በረንዳው ላይ ሆና ልጅ አቅፋ እንዲህ ስትስቅ ከአባታችን ሞት ወዲህ አይቻት አላውቅም። እሱም ሳቀ፤ በዚያው ልብሱ እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ።

አርባው ሲሞላ ሰልሚያንም፣ ሃሊማንም፣ እማዬንም ይዤ ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ። ሕፃኗ መንገዱን ሙሉ ተኝታ መጣች። አሁን ቤቱ የልጅ ልብስ ሽቦ ላይ ተሰጥቶበት፣ ጎረቤት ገብቶ ወጥቶ፣ የሠርግ ቤት ነው የሚመስለው።

የመጨረሻውን ወሬ ሆን ብዬ አቆይቼልሃለሁ። ባለፈው እሑድ ጠዋት እማዬ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆመች። ደነገጥኩ። «ማን ሞተ?» አልኳት። «ማንም አልሞተም።» «ማን ታመመ?» «ማንም አልታመመም።» ትንሽ አቀረቀረችና «ዝዋይ ሐይቅ አለ ይላሉ። ቅርብ ነው ይላሉ። አይቼው አላውቅም» አለች። ወንድሜ፣ አስበው እስቲ። እናታችን በዕድሜዋ ለለቅሶ፣ ለሕመምተኛ ወይም ለገበያ ካልሆነ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም። ዝም ብሎ ደስ ስላላት ብቻ የሆነ ቦታ ሄዳ አታውቅም። እኛም ልጆቿ የት ማየት ትፈልጊያለሽ ብለን ጠይቀናት አናውቅም።

ሰልሚያ «ሂዱ፣ እኛ እንተኛለን» ብላ ሸኘችን። እማዬ የፊቱን በር ራሷ ከፍታ ገባች፤ ቀበቶውን እንዴት እንደሚታሰር ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ ካፊያ ያዘን፣ ከዚያ ፀሐይ ወጣ፣ ደግሞ ካፊያ። እሷ ሁሉንም ታያለች፤ «ይሄ የማን አገር ነው? ይሄስ ምን ይዘሩበታል?» ትላለች። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ጫፍ ድረስ ሄደች። አባኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው፣ መላጣቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተሰልፈው ሲያዩአት «እነዚህ ሽማግሌዎች ደግሞ ማንን ሊድሩ ነው የመጡት?» አለች። የተጠበሰ ዓሣ ከነአጥንቱ አምጥተውልን በእጃችን በላን። ልንነሳ ስንል ውሃውን እያየች «ትልቅ ነው፤ እንዲህ አይመስለኝም ነበር» አለች፤ እኔም ስለ ሐይቁ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ስንመለስ ላንተ ደብዳቤ እንደምጽፍ ነገርኳትና የምትልክልህ ቃል አለ ወይ አልኳት። ያለችውን እንዳለች እጽፍልሃለሁ። «ክረምትም ይሁን በጋ ይምጣ በይው። ዝናብ ነው አትበሉኝ፣ ሩቅ ነው አትበሉኝ፤ ቦሌ ድረስ ሄጄ የምቀበለው እኔ ነኝ። የፊቱን ወንበር ግን አልለቅለትም፤ እሱ ከነሚስቱ ከኋላ ይቀመጥ።»

ለባለቤትህ ለዛህራ ናፍቆቴንና ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ሻሽ በጣም ነው ያማረብኝ። ሬድዋንን በሁለት ጉንጩ ሳምልኝ፣ አክስትህ በቀይ መኪና ታዞርሃለች በለው። አብረውህ የሚሠሩትን የአገራችንን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። ከዚህ ሰልሚያና አብዱልሃፊዝ በጣም ናፍቀውሃል፤ ሃሊማ ገና ሰላምታ አታውቅም፣ ግን ፈገግ ማለት ጀምራለች፣ እሱን ላንተ ቁጠረው። ሙስሊም «አበባው አብቧል» በይልኝ ብሎኛል። አምሀም ሰላም ይልሃል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «ጻፍሽ ወይ? ስለ ወንበሩ ጻፍሽ ወይ?» እያለችኝ ነው። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሩፋይዳ
ቡታጅራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.